አርባ ሰባተኛዋ ሴት

መርዳሳ አዳማ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ስታቲስቲክስ ያስተምራል። የመጽሐፉ ቁጥር ተማሪዎቹን ስላሰለቻቸው ዘንድሮ እውነተኛ መረጃ ይዞላቸው ገባ። ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ የሥነ ልቦና ጥናት ተቀጥሮ፣ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞችን ራሱ እየዞረ ያስሞላው መጠይቅ ነው። ስም የለበትም።

ሰንጠረዡን በፕሮጀክተር አሳያቸውና አርባ ሰባተኛው መስመር ላይ ቆመ። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ተስፋ መቁረጥ ለቀረቡት ዘጠኝ ጥያቄዎች ሁሉ አንዲት ሴት የሰጠችው መልስ አንድ ነው፤ “በየቀኑ”።

“ይህቺ ሳታነብ ነው የሞላችው” አለ። “ለሞላ ሁሉ የምንሰጠውን ሳሙና ተቀብላ ቶሎ ለመሄድ ነው። አማካዩን ታዛባብናለች፤ እናውጣት።”

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሱም ፈገግ ብሎ መስመሩን ሰረዘው።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ሑስና የምትባል ዝምተኛ ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሥታ መጣች።

“መምህር፣ አንብባ ነው የሞላችው።”

“በምን አወቅሽ?”

“እኔ ነኛ። ዕድሜ ሃያ ሁለት፣ የትውልድ ቦታ ወለንጪቲ። ወልደሽ ታውቂያለሽ? አዎ። በሕይወት ያለ ልጅ? የለም። ልጄ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት ነው የመጣችሁት። ለሰው መናገር ስላቃተኝ ለወረቀቱ ነገርኩት። እርዳታ የምትፈልጉ ስልካችሁን ጻፉ ብላችሁ ቁራጭ ወረቀት ሰጣችሁን። ጽፌ ሁለት ወር ጠበቅሁ።”

መርዳሳ ቁራጮቹን አስታወሳቸው። በፖስታ አድርጎ ለጥናቱ ኃላፊ አስረክቧል፤ ማን እንደ ደወለላቸው ግን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

“ይቅርታ አድርጊልኝ” አላት።

“መስመሩን ይመልሱት” ብላ ወጣች።

መለሰው። ያኑ ዕለት ለኃላፊው ደወለ።

“ጥናቱ ታትሞ አልቋል እኮ፤ ፖስታው የት እንደገባ እንጃ” አለው ሰውየው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መርዳሳ ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ “ያቺን ሴት ሳላውቅ ፈረድኩባት፤ ተሳስቻለሁ” አለ። ማንም አልሳቀም። ሑስና ግን አልነበረችም። በሳምንቱም ቀረች። ሬጅስትራር ሄዶ ሲጠይቅ፣ ሶሲ የምትባለው ጸሐፊ መዝገቡን አገላብጣ “አቋርጣለች፤ አገሯ ገብታለች መሰለኝ” አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ወረደ። የወለንጪቲው ሚኒባስ ሞልቶ ሄደ፤ ተከታዩም ሊሞላ ተቃረበ። ረዳቱ “አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!” እያለ ክንዱን ያዘው። መርዳሳ ቢያገኛትም ምን እንደሚላት አላወቀም። ክንዱን አስለቅቆ በፀሐዩ ወደ ቤቱ አዘገመ።