የዋና ቡድኑ የመጨረሻ ምልምል

«...ይህችንም አሰልጣኝ ባርክልን፤ ልጃችንን በእጇ እናስረክባለንና» እያለ ሎይድ ብራንድቮልድ የማዕዱን ጸሎት ሲያሳርግ የኮሊን ሃስኬት ስልክ ኪሷ ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ቀኝ እጇ በሎይድ ሻካራ መዳፍ፣ ግራዋ በሴት ልጁ በቴሳ ጣቶች ተይዟል። አሜን እስኪባል ታገሰች። ከዚያ ስልኩን ከጠረጴዛው ሥር ሰረቅ አድርጋ አየችው። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዳይሬክተር ብሬት ማሎሪ ነበር። ብሬት ደግሞ እሑድ ቀን ለደህና ነገር ደውሎ አያውቅም።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አለቃዬ ነው» ብላ ተነሳች።

«ይነሱ፣ ይነሱ! ስለ ቴሳ ቸኩሎ ይሆናል» አለ ሎይድ እየሳቀ። «ድንቹ እንዳይቀዘቅዝብዎት ብቻ።»

በረንዳው ላይ ከፖም እርሻው የሚመጣው የኅዳር ንፋስ ፊቷን ገረፈው። ለቀማው ካለቀ ሰንብቷል፤ ባዶዎቹ የእንጨት ሳጥኖች አጥሩ ሥር ተደርድረዋል።

«ብቻሽን ነሽ?» አለ ብሬት።

«ምልመላ ላይ ነኝ። የሰው ምሳ ትቼ በረንዳ ላይ ቆሜያለሁ።»

«እንግዲያው አላስረዝመውም። ቦርዱ ወስኗል። የዋና ቡድኑ ይዘጋል፤ የወንዱም የሴቱም። ከዚህ ዓመት አያልፍም።»

ኮሊን የበረንዳውን አግዳሚ ያዘች። «የሴቱም?»

«የሴቱም። ሐሙስ ይነገራል። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትይ። አዲሱ የቴሌቪዥን ውል የሚፈረመው ረቡዕ ማታ ነው፤ ከዚያ በፊት ወሬው ካፈተለከ ጉድ ይፈላል።»

«ብሬት፣ ገንዳው ይታደሳል ብለኸኝ ነበር እኮ። ያን ሁሉ ሰው ሰብስበህ፣ መድረክ ላይ ወጥተህ።»

«ብዬ ነበር። ስለውም አምኜበት ነው። ስሚኝ። የአንድ ዓመት ደመወዝ አስፈቅጄልሻለሁ። የጤና ኢንሹራንሱም ለአንድ ዓመት ይቀጥላል፣ የባልሽም ጭምር። ለዚህ የስንቱን ደጅ እንደጠናሁ አትጠይቂኝ። ግን ከሐሙስ በፊት አንድ ቃል ከአፍሽ ከወጣ ሁሉም ቀረ። ይኼ የኔ አይደለም፣ የጠበቆቹ ቃል ነው።»

«ልጅቷስ?»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ላስፈርማት የመጣሁት።»

«ትፈርማ። ስኮላርሺፑን ለመጀመሪያው ዓመት አንነፍጋትም፤ ትማርበታለች።»

«እሷ የምትመጣው ለመዋኘት ነው፣ ብሬት። ከዓመት በኋላስ ማን ይከፍልላታል?»

«ኮሊን፣ እስከ ሐሙስ ብቻ» አለና ዘጋው።

ኮሊን ወደ ቤት አልተመለሰችም። አግዳሚውን እንደያዘች ቆመች። የምትሠራበት ታማራክ ዩኒቨርሲቲ ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተው አውቶቡስ በአንድ ቀን ከሚያደርስባቸው ጎረቤቶቹ ጋር ነበር። ከዚያ የአሜሪካ ፉትቦል የቴሌቪዥን ገንዘብ መጣና ትልልቆቹ ጎረቤቶች አንድ በአንድ ሊጉን እየጣሉ ወደ ሀብታሙ የምሥራቅ ሊግ ነጎዱ። ታማራክም ከኋላ ቀረሁ ብሎ እየሮጠ ተከተላቸው። ጥሪው የደረሰ ዕለት ከተማው ሰርግ ቤት መሰለ። አሰልጣኞቹ ሁሉ የአዲሱን ሊግ ካናቴራ ለብሰው መድረክ ላይ ተደረደሩ፣ ኮሊንም ከሁሉም በላይ አጨበጨበች። ማጨብጨብ ብቻ አይደለም፣ በማግስቱ ልጆቿን ገንዳው ዳር ሰብስባ «ፉትቦሉ ሲጠግብ ለእኛም ይተርፈናል» ብላ ምላ ተገዝታ ነግራቸዋለች። ለዓመታት የሚያፈስሰው ጣሪያ ሊጠገን ነው ብላ በሙሉ ልቧ አምና ነበር።

ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። አዲሱ ሊግ ለታማራክ ሙሉ ድርሻውን የሚሰጠው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። የቀድሞው ሊግ ደግሞ ጥላችሁኝ ስትሄዱ ካሳዬን ብሎ ያዘ። የመረብ ኳስ ልጆች ማክሰኞ ማታ ለአንድ ጨዋታ አገር አቋርጠው እየበረሩ ረቡዕ ፈተና ላይ ያንቀላፋሉ፣ አውሮፕላኑም በነፃ አይበርም። ይህን ሁሉ የሚከፍል ሰው መገኘት ነበረበት። ፉትቦሉን የሚነካ የለም፣ የፉትቦሉን አሰልጣኝ ደመወዝማ በክፉ የሚያይ እንኳ የለም። ስለዚህ ቢላው ወደ ገንዳው ዞረ።

ዌስም አለ። ባሏ የደም ካንሰሩን ገትቶ የያዘለትን ክኒን በየቀኑ ይውጣል፤ የአንድ ወሩ ዋጋ የእሷን የብዙ ወር ደመወዝ ይበላል። እስከ ዛሬ የከፈለው የእሷ ሥራ ኢንሹራንስ ነው። ብሬት ይህን ያውቃል፣ የዌስን ስም ያነሳውም ስለሚያውቅ ነው። ኮሊን ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ገባች።

ሎይድ በድስት የበሰለውን የበሬ ሥጋ ሳህኗ ላይ ከምሮ ጠበቃት። እሱም ያንኑ የአዲሱን ሊግ ካናቴራ ለብሷል።

«ቅዳሜ ጨዋታችንን ፍሎሪዳ ያለው ወንድሜ ሳይቀር አየው!» አለ። «ድሮ ማን ያውቀን ነበር? ጎረቤት ለጎረቤት ስንራገጥ ኖርን እንጂ!»

«አባዬ፣ እኮ ተሸነፍን» አለች ቴሳ።

«በቴሌቪዥን መሸነፍና በጓሮ መሸነፍ አንድ ነው እንዴ?»

እናትየው ማርሊስ ሳቋን አፍና ድንቹን ወደ ኮሊን ገፋ አደረገችላት። ፖም ማሸጊያ ቤት ቆማ የምትውል፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። «ይብሉ እንጂ፣ ኮች። ምነው? ክፉ ነገር ሰሙ?»

«የለም። የቢሮ ጣጣ ነው።»

«ለደጋፊ ማኅበሩ በየዓመቱ አዋጣለሁ፣ ያውቃሉ?» ሎይድ ቀጠለ። «ማርሊስ ትቆጣለች። አሁን ግን ገንዘቤ በልጄ በኩል ሲመለስ ልታይ ነው።» ሹካውን አስቀመጠና አፉን ጠረገ። «እንግዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ አለችኝ፣ ኮች። አራቱንም ዓመት ከእሷ ጋር ይኖራሉ? አሰልጣኝ እንደ ሸሚዝ በሚቀየርበት ዘመን ነው ያለነው።»

ይህን የማይጠይቅ አባት የለም። መልሷም ሁሌ አንድ ነበር፦ «እኔ ወዴት እሄዳለሁ? የምቀበረው ገንዳው ዳር ነው።» አባቶች ይስቃሉ፣ እናቶች ልባቸው ይረጋል፣ ልጅቷም ትፈርማለች። ዛሬ ግን ያን መልስ ትታ ሥጋዋን መቁረጥ ያዘች።

ዝምታዋን ሎይድ እንደ እሺታ ቆጠረው። «ይኸው ነው! ቴሳ፣ በይ ለዚያ ለሞንታናው ሰውዬ ደውዪለት። ቁርጡን ይወቅ።»

የሞንታናው አሰልጣኝ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ አሰልጣኝ ነው። ለቴሳ የያዘላትን ቦታ እስከ ዛሬ ምሽት አቆይቶላታል፤ እምቢ ካለች ተራ ለምትጠብቀው ለሌላዋ ልጅ ይሰጣል። በዚህ ቤት ደግሞ ሰውን በጽሑፍ መልእክት እምቢ ማለት እንደ ብልግና ይቆጠራል። ቴሳ ስልኳን አነሳች።

«ደግ ሰው ናቸው፣ አሳዘኑኝ» አለች።

«ቆይ» አለች ኮሊን።

ሦስቱም ዞር ብለው አዩዋት። እውነቱን ልንገራቸው ብላ አፏን ልትከፍት ትንሽ ቀርቷት ነበር። ግን ሎይድን አየችው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ ወሬ የማያድር ሰው ነው እንጂ። እሷ መኪናዋ ጋ ሳትደርስ ለደጋፊ ማኅበሩ ይደውላል፣ ማታውን ወሬው አገር ያዳርሳል፣ ነገ የዌስ ክኒን ይቀራል። ዝም ብትል ደግሞ ልጅቷ ያቺን ስልክ ትደውላለች።

«መደወል የለብሽም። ማለቴ... እኛ ዘንድ ቦታ የለም፣ ቴሳ። ከካሊፎርኒያ ሌላ ልጅ አግኝተናል። ለእሷ ሆኗል።»

ሎይድ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፣ ፈገግታው ግን የሚሄድበት አጣ።

«ባለፈው ሳምንት እኮ ቡድኔ ያለ አንቺ ጎዶሎ ነው ብለውኛል» አለች ቴሳ።

«ብያለሁ። ተሳስቼ ነው።»

«ምኔ ነው ያነሰው?»

«የገንዳው ጫፍ መታጠፊያ ላይ። ግድግዳውን ስትረግጪ ትዘገያለሽ። እዚያ ደረጃ ላይ አያዋጣም።» ኮሊን ይህን ያህል መንገድ ነድታ የመጣችው በዚያ መታጠፊያ ምክንያት ነበር። በዚህ ዕድሜ እንዲህ የምትታጠፍ ልጅ አይታ አታውቅም።

ቴሳ ቀላች። ግን አላለቀሰችም፤ ዋናተኛ ናት፣ ትንፋሿን መያዝ ታውቃለች። «አስተካክለዋለሁ። ስኮላርሺፑም ይቅር። እሠራለሁ፣ ማሸጊያ ቤቱ በክረምት ይቀጥረኛል። በራሴ ከፍዬ ልምጣ፣ ኮች። ውድድር ባታስገቡኝም ዳር ላይ ካሉት ጋር ልለማመድ።»

«እንከፍላለን» አለ ሎይድ በቀስታ። «ትራክተሩ አለ። ይሸጣል።»

ኮሊን ይህን አልጠበቀችም። እሷ በሩን ስትዘጋባት ልጅቷ በመስኮት ልትገባ ነው። ገርበብ ያለ በር የሚተው ለስላሳ ቃል ሁሉ ወደዚያ ገንዳ የሚያመጣት መሆኑ ገባት።

«ከፍለሽ ብትመጪም አልፈልግሽም» አለች።

ማርሊስ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቴሳ ስልኳን ጨብጣ ቆማ ቀረች፤ ዕድሜዋ ድንገት ወደኋላ የሄደ ይመስል ሕፃን መሰለች። ሎይድ ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ ተነሳ።

«ውጪ ከቤቴ።»

«ሎይድ፣ እኔ...»

«ውጪ አልኩሽ! ከማዕዴ ተቀምጠሽ፣ እጄን ይዘሽ ጸልየሽ፣ ምግቤን በልተሽ ልጄን ትሰድቢያለሽ? አንቺ ብሎ አሰልጣኝ!»

ወጣች። መኪናዋ ጋ ስትደርስ ማርሊስ በጓሮ በኩል መጣች። ኮሊን ረስታው የወጣችውን ኮት ይዛለች።

«ማርሊስ፣ ሞንታና ትደውል። ዛሬውኑ። እሺ ትበላቸው።»

«ስለ ልጄ ከዚህ ወዲያ አንቺን ምን ያገባሻል?» አለች ማርሊስ። ድምጿን አላነሳችም። ኮቱን መኪናው ላይ ጣለችና ተመለሰች።

ኮሊን መኪናው ውስጥ ገባች፣ ግን አላስነሳችም። የወጥ ቤቱ መስኮት ከዚያ ይታያል። ሎይድ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል። ማርሊስ ለልጇ አንድ ነገር ነገረቻት፤ ቴሳ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች፣ ማርሊስ ደገመችላት። ረጅም ጊዜ ሆነ። በመጨረሻ ቴሳ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። በእጅጌዋ አፍንጫዋን እየጠረገች ታወራለች። አንዴ፣ ከዚያም ደጋግማ በእሺታ ነቀነቀች። ሎይድ ወደ መስኮቱ ሲመጣ መኪናዋን አየና መጋረጃውን በኃይል ሳበው።

ኮሊን እጆቿን መሪው ላይ ዘርግታ አለቀሰች። ደስ ብሏታል፣ በዚያው ልክ አፍራለች፤ የትኛው እንደሚያስለቅሳት አላወቀችም። ሐሙስ ሲነገር ቴሳ ነገሩ ይገባት ይሆናል። ቢገባትም ያቺ ቃል ከጆሮዋ አትወጣም።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ብሬት መስሏት ነበር፣ ግን የቡድኑ አምበል ሼልቢ ናት። ባለፈው ዓመት አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሼልቢን ሊወስዳት መጥቶ ነበር። ኮሊን «አንቺ ከሄድሽ ቡድኑ ይፈርሳል» ብላ ለምናት ነው የቀረችው።

«ኮች፣ ገባችልን? ሁላችንም እየጠበቅን ነው» ይላል መልእክቱ።

ኮሊን «ሼልቢ፣ አሁኑኑ ደውዪልኝ» ብላ ጻፈች። አልላከችውም። ዌስ በዚህ ሰዓት ሶፋው ላይ ተጋድሞ ጨዋታ እያየ፣ እሷ የአዲሷን ልጅ ወሬ ይዛለት እስክትመጣ እየጠበቀ ነው። ሼልቢ ልጅ ናት፣ ከጓደኞቿ አትደብቅም፤ ለአንዷ የተነገረ ለሁሉም ተነገረ ማለት ነው። ለሁሉም ደግሞ አንድ አንድ የሞንታና ቦታ የለም። የጻፈችውን ፊደል በፊደል አጠፋችው።

«አልመጣችም። ነገ ጠዋት ልምምድ እንደተለመደው ነው፤ ማንም እንዳይቀር» ብላ ላከች።

ሼልቢ ወዲያው መለሰች። «ለራሷ ቀረባት! እርስዎ አይዘኑ፣ ኮች። እኛ አለንልዎት።»

ኮሊን ስልኩን ደፍታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና መኪናዋን አስነሳች።