ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ

ኬልቪን እናቱ የሞተች ዕለት አላለቀሰም። «ዶሪን፣ ቀብሯ ላይ እቆማለሁ» ብቻ አለኝ። ያኔ ነው የፈራሁት።

የእናቱ ቤት ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ነው። ኬልቪን ደግሞ ሐዲዱን እንዳይሻገር ተከልክሏል። ከዓመታት በፊት አእምሮው ታውኮ ሳለ፣ እዚያው ቤት ኩሽና ውስጥ የእህቱን የሎሬንን መንጋጋ በመጥበሻ ሰበረው። ፍርድ ቤቱ እስር ቤት አላስገባውም፤ በሩ ወደሚቆለፍ የአእምሮ ሆስፒታል ላከው። አምና ሲለቁት ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡለት፤ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ በተመደበለት ቤት ያድራል፣ ሐዲዱን አይሻገርም። አንዱን ከጣሰ ይመልሱታል። ከተመለሰ ደግሞ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። ሳምንትም ይሁን አምስት ዓመት አይነግሩህም።

እኔ የአቻ ደጋፊ ነኝ፤ ታሞ የወጣ ሰው ከሆስፒታል ለወጣ ሌላ ሰው ጓደኛ የሚሆንበት ሥራ ነው። ይህን ሥራ ያገኘሁት ተምሬ አይደለም፤ ትምህርቱንማ በልጅነቴ ለዓሣ ፋብሪካ ጥዬዋለሁ። እኔም ታምሜ የገዛ ቤቴን አቃጥዬ፣ እዚያው ሆስፒታል ተቆልፎብኝ ስለኖርኩ ነው የቀጠሩኝ። ነርሶቹ ኬልቪንን ቢሮ አስቀምጠው ያነጋግሩታል። እኔ አብሬው እሄዳለሁ። ወደቡ ድረስ፣ ዓሣ ጥብሱ ቤት ድረስ፣ ዝናቡ እየመታን። ሰው ጎን ለጎን ሲራመድ ዓይን ለዓይን አይተያይምና አፉ ይፈታል።

ከመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ነግሬዋለሁ፦ «ከጀርባህ የማወራው የለም። ለሐኪሞችህ መንገር ያለብኝን፣ እየሰማኸኝ እነግራቸዋለሁ።»

«ፊት ለፊት ታሳብቂያለሽ ማለት ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

«ከጀርባ ከሚያሳብቅ አይሻልም?»

«አይሻልም። ግን ይሁን፣ አንቺ አሮጊት።»

ለቀብሩ እንዲሻገር ለንደን ካለው፣ ቅድመ ሁኔታውን ከሚቆጣጠረው ቢሮ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ነርሱ ሂዩ ጥያቄውን ወዲያው ልኳል። ቀብሩ ዓርብ ጠዋት ነው፤ ሐሙስ ከሰዓትም መልስ የለም።

«ደውልላቸዋ!» አልኩት።

«ስደውል ነው የዋልኩት ዶሪን። ጉዳዩን የያዘችው ሴት ዕረፍት ላይ ናት።»

«ሬሳውስ እስክትመለስ ይጠብቃታል?»

ሂዩ ክፉ ሰው አይደለም። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ቀጥሎ «እህቱ ጋ እንዳትሄጂ። አደራ» አለኝ። ያውቀኛል።

ሄድኩ። ኬልቪንን «እህትህን ልለምናት ነው» ብዬው ነው የሄድኩት። ሎሬን በሩን ገርበብ አድርጋ ሰማችኝ። አገጯ ዛሬም ትንሽ ወደ ጎን ነው። ሌላ አልለመንኳትም፤ የአስከሬኑ መኪና ወደ መቃብሩ ሲሄድ በባቡሩ ማቋረጫ በኩል ይዙር፣ ኬልቪን ከሐዲዱ ወዲህ ቆሞ እናቱን ይሰናበት፣ እሷን አይጠጋት፣ ሐዲዱንም አይረግጥ። ይኸው ነው።

«አንቺ ለሱ ነው የምትሠሪው?» አለችኝ።

«ለሱ ነው።»

«ለኔስ ማንን መደቡልኝ?»

«ማንንም» አልኩ።

«እንግዲያው ከበሬ ዞር በይ።»

ዘጋችው። እሺም እምቢም አላለችም። ለኬልቪን እንዳለ ነገርኩት፤ «በሩን ዘጋችብኝ» አልኩት። መዋሸት አልለመድኩም። ተስፋ ላቀብለው ብል ደግሞ ከየት አምጥቼ?

ዓርብ ጠዋትም ከለንደን መልስ የለም። ቤቱ ስደርስ ጥቁር ሱፉን ለብሶ ጠበቀኝ። መድኃኒቱ ስላወፈረው ኮቱ አልዘጋ ብሏል። በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩለት።

«እማዬ ብታየኝ ‹ቋሊማ መሰልክ› ትለኝ ነበር» አለ።

«እውነቷን ነው።»

ማቋረጫው ጋ ስንደርስ መዝጊያው ወርዶ ነበር። ባቡሩ አለፈ። መዝጊያው ተነሣ። መኪኖቹ ሄዱ፣ እኛ ቆምን። ማዶ የእናቱ መንገድ እስከ ጥጉ ይታያል፤ ባዶ ነው። ቆየን። ምንም የለም።

«አትመጣም» አለ። «በሩን ዘግታለች ብለሽኝ የለ።»

«ትንሽ እንይ።»

«ከዚያኛው ጥግ ከታጠፉ አለቀ ዶሪን። መቃብሩ በዚያ ነው።»

«ኬልቪን፣ ከተሻገርክ እደውላለሁ። እዚሁ ቆሜ።»

«አውቃለሁ። ለዚሁ ነው ብቻዬን ያልመጣሁት። ሸሸ እንዳይሉኝ።»

እጅጌውን ያዝኩት። ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ሳያሳምመኝ፣ እንደ ሕፃን ጣት አላቀቃቸው። ከዚያ ተሻገረ። ሐዲዱን አልፎ ጥቂት እንደተራመደ ዞረና አየኝ፤ ስልኬን እስካወጣ እየጠበቀኝ ነበር።

«ሂዩ፣ ኬልቪን ሐዲዱን ተሻግሯል» አልኩ፣ ኬልቪን እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ሂዩ ቀስ ብሎ፣ «እርግጠኛ ነሽ? ምናልባት እዚያው ማቋረጫው ላይ ቆሞ ከሆነ…» አለኝ።

መውጫ እየሰጠኝ ነበር። ገባኝ። ኬልቪን ያየኛል። ስንት ወር ሙሉ ያንን ሰው «አልዋሽህም፣ አልዋሽልህም» እያልኩ አብሬው ተጉዣለሁ።

«ተሻግሯል። ማንንም አልነካም። እናቱን ሊቀብር ነው የሄደው፣ ይህንንም ንገርልኝ።»

ስልኩን ገና ከጆሮዬ ሳላወርድ፣ ከመንገዱ ጥግ ረጅም ባርኔጣ ያደረገ የቀብር አስፈጻሚ ብቅ አለ። በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ከኋላው ጥቁሩ መኪና በሱ እርምጃ ልክ ይከተላል። ወደ መቃብሩ አልታጠፉም። ወደኛ መጡ።

ኬልቪን መኪናውን አየ፤ ቀጥሎ ከኋላ ባለው መኪና ሎሬንን አያት። ፊቱን ሳይመልስ፣ የኋሊት እየተራመደ ሐዲዱን አልፎ አጠገቤ ቆመ። ልክ የተባለበት ቦታ። ልክ እኔ የለመንኩለት ቦታ።

መኪናው ማቋረጫው ጋ ቆመ። በሣጥኑ ጎን ነጭ አበባ በፊደል ቅርጽ ተሠርቶ «እማዬ» ይላል። ባለባርኔጣው ጎንበስ አለ። ሎሬን ፊት ለፊት እንጂ ወደኛ አላየችም፤ መስኮቱንም አልከፈተችም። ከዚያ ዞረው ሄዱ።

«መልሰሽ ደውይ» አለኝ ኬልቪን። «ተመልሷል በያቸው።»

ደወልኩ። «ወዲህ ነው ያለው ሂዩ! እህቱ ናት ያመጣችለት፣ አጠገቤ ነው!»

«ለፖሊስ ነግሬያለሁ ዶሪን» አለ። «ከእጄ ወጥቷል።»

የመንገዱ ዳር ላይ ተቀምጠን ጠበቅናቸው። ኬልቪን የመርፌ ቁልፉን ነቅሎ መለሰልኝ፤ ሆስፒታሉ ስለት ነገር እንደማያስገባ ሁለታችንም እናውቃለን። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ወደኔ ሳይዞር መኪናቸው ውስጥ ገባ።

ይኸው አሁን ሐሙስ ሐሙስ ሆስፒታሉ እሄዳለሁ። ሁለት ኩባያ ሻይ እቀዳለሁ። በሩን የምትከፍተው ልጅ ትመጣና «ዛሬም አልወጣም ብሏል» ትለኛለች።

«መምጣቴን ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ሰምቷል?»

«ሰምቷል፣ ዶሪን። ለምን አትሄጂም?»

«ከሰማ እቀመጣለሁ» እላታለሁ። የሱ ሻይ እፊቴ እስኪቀዘቅዝ፣ ሰዓቱ አልቋል ብላ እስክታስወጣኝ፣ እቀመጣለሁ።