የፈርጋኒ ግራ እጅ

ኤቭሊን በጣት የሚመቱትን ሁለት ባለጎማ ዕቃዎች በሙዚቃ ሱቋ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ የዱባ ፍሬዋን መቆርጠም ቀጠለች። ዓትዋ አልነካቸውም። በመታጠቢያ ፎጣ የጠቀለለውን አሮጌ ሳምፕለር፣ ሲመቱት የተቀዳ ድምፅ የሚያሰማ ሳጥን፣ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ቆሟል።

«ትናንት ወስደህ ዛሬ መለስክ» አለችው። «ዛሬ ወስደህ ነገ ብትመልስ ግን አላውቅህም።»

«ነገ ምን ይሠራልኛል? እኅቴ ነግላ ዛሬ ተሞሽራ ጀንበር ሳትጠልቅ ከቤት ትወጣለች።»

ፎጣውን ገለጠው። በግራጫው ሳጥን ላይ የተደረደሩት መምቻ ጎማዎች ከሰሞኑ አንድ በአንድ ሞተው አልቀዋል። ከፍቶ በአልኮል ጠርጓቸዋል፤ ለምኗቸዋልም። አልተነሡም። በሆዱ ያለው ድምፅ ግን ደኅና ነው፤ ድምፁ ደግሞ የአባቱ ነው። ሐጂ ፈርጋኒ በጤናቸው ዘመን የሕንፃቸው ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ ጠብላቸውን፣ ያን ወገበ ቀጭን ከበሮ፣ እያንዳንዱን ምት ለየብቻ መትተው ለልጃቸው አስቀድተውለታል። ሆዱን ሲመቱት የሚያጉረመርመውን ዱም፣ ጠርዙን ሲመቱት አየሩን የሚሰነጥቀውን ተክ።

ከዚያ ስትሮክ መጣና ቀኝ እጃቸውን ወሰደ። የቀረው ግራው ነው። ግራው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ጠብላውን አቅፎ፣ ጠርዙን በጣት ጫፍ ሲነካካ የኖረ፣ ጉልበት የሚባል ነገር ያልተማረ እጅ ነው።

በሰፈራቸው በቡላቅ ጠባብ መንገዶች ሐጂ ፈርጋኒ ያልሸኙት ሙሽራ የለም። የሰውን ሴት ልጅ ሁሉ በዱማቸው ከአባቷ ደጅ አውጥተዋል። ነግላ ጥርሷ ሳይነቀል ጀምሮ «የእኔስ?» ትላቸው ነበር፤ ቃል ገብተውላታል። ቃላቸውን አሁን በሳጥኑ በኩል ሊፈጽሙት ተስማምተዋል። ዓትዋ ከኋላ ሆኖ ሊመታላቸው ቢያስብ ግን ገና ሳይናገረው ከፊቱ አንብበውታል።

«እኔ ጣቴን ሳወዛውዝ ሌላ ሰው እየመታልኝ ልጄ እንድትወጣ አልፈልግም» ነበር ያሉት። «ያን ቀን ካዘንክልኝ፣ ክፍሌ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ።»

ትናንት የወሰደው ከሁለቱ ለስላሳውን መምቻ ነበር። እዚሁ ሱቅ ውስጥ ሲሞክረው ትንፋሽ እንኳ የሚሰማ መሰለው፤ በጣቱ ፍቅር ይዞት ጀርባውን ሳያይ አስጠቀለለው። ቤት ሲደርስ ክቡ መሰኪያ የለውም። ለካ ሱቁ ውስጥ ሲዘፍን የነበረው በኤቭሊን ኮምፒውተር በኩል ነው። የዓትዋ ሳምፕለር ደግሞ ከዚያች ባለ አምስት ቀዳዳ ክብ መሰኪያ በቀር ማንንም የማይሰማ ሽማግሌ ነው።

«መሃል ገብታ ሁለቱን የምታነጋግረዋ ትንሽ ሳጥንስ?» አላት።

«ገና ወደብ ላይ ናት፣ አልገባችም አልኩህ እኮ። ወይ ኮምፒውተር ተዋስ።»

«ቡላቅን ስለምን አደርኩ። ያለው ሰው አይሰጥም፣ የሚሰጠው የለውም።»

«እንግዲያ ዕጣህ ይኸው» ብላ ጥቁሩን ገፋ አደረገችለት። ክቡ መሰኪያ አለው። ዓትዋ ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነውና ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄማ የጫማ ሶል ነው፣ ኤቭሊን።»

«ያኛው ቆንጆ ነው፣ ግን ካንተ ጋር አይነጋገርም። የቱን ነው የምታገባው?»

አልሳቀም። ገመዱን ሰካ፤ ግራ እጁን እንደ አባቱ አላልቶ ጣቱን በጎማው ላይ ጣለ። ምንም። ደግሞ ጣለ። ከሦስት ግድግዳ ወዲያ ሰው በር ያንኳኳ የመሰለ ነገር ተሰማ።

ኤቭሊን መቆርጠሟን አቆመች። «እንዲህ ነው የሚመቱት?»

«እንዲህ ነው።»

ጥቁሩን ወደ ራሷ ሳበችው። ከዚያ በጥቁሩ ዕቃ ጎን ያለችውን ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ጫን ጫን አደረገችና «አሁን ሞክር» አለችው።

ጣቱ ሲያርፍ ዱም አለ። በደጅ የሚያልፍ ሰውዬ ዞሮ እስኪያይ ድረስ። ዓትዋ ጣቱን እንደ ላባ ሲጥል ዱም፣ በቡጢ ሲመታ ያው ዱም።

«ለስላሳውስ?» አለ። «የአባቴ ሙያ እኮ ማባበሉ ላይ ነው።»

«ማባበል የለም። በዚህ ላይ ወይ ሙሉ ነው፣ ወይ ምንም።»

ሁለቱን እያየ ቆመ። አንደኛው የአባቱን ጣት አውቆ ዝም ይላል። ሌላው ጣታቸውን ሳያውቅ ይጮኻል። ከመስታወቱ ላይ የነበረው የፀሐይ ቁራጭ ወርዶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ፎጣውን አነሣና ጥቁሩን ከሳምፕለሩ ጋር ጠቀለለ።

ሰፈር ሲደርስ ባለቀለም አምፖሎቹ ተዘርግተው፣ ወንበሮቹ መንገዱን ዘግተው ነበር። ሐጂ ፈርጋኒ በተተኮሰ ጀለቢያ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። ዓትዋ ጥቁሩን ዕቃ ከፊታቸው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አኖረው፤ ዱምና ተክ ያሉበትን እየነካ አሳያቸው። ስለ ቁልፏ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ግን ሴቶቹ «መጣች፣ መጣች» አሉና አፉን ገጠመው። ከኋላቸው ከሳምፕለሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

ነግላ ቀሚሷን ሰብስባ ደረጃውን ትወርዳለች። ሽማግሌው ጣታቸውን አነሡና ጣሉ።

ዱም አለ መንገዱ። በጤናቸው ዘመን የሚያውቁት፣ የቀኝ እጃቸው ዱም። እልልታው ፈነዳ። ሐጂ ፈርጋኒ ግን እሳት እንደ ነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ጣታቸውን አዩ። ቀና ብለው ሙሽራዋን አዩ። ከዚያ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣

«ዓትዋ» አሉ።

«አቤት አባባ።»

«ማን ነው የሚመታው?»

«እርስዎ ነዎት።»

አሁን ዞሩ። ዓይናቸው ልጃቸውን አልፎ የቤቱን በር አየ። «እጅህን አሳየኝ።»

ዓትዋ ከሳምፕለሩ አጠገብ ተነሣ። ሁለቱንም እጆቹን ከራሱ በላይ ሰቅሎ፣ ወታደር እንደ ያዘው ሰው መዳፎቹን ዘረጋ። እልልታው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ነግላ አንድ እግሯ በመጨረሻው ደረጃ ላይ፣ አንዱ በአየር ላይ እንዳለ ቀረች።

ሽማግሌው ባዶዎቹን መዳፎች ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጥቁሩ ጎማ ዞሩ፤ ግራ እጃቸውን አነሡ፤ ያለ ጣታቸው ይጮኽ እንደሆነ ሊሰሙ፣ አንዲቱም ጣት ሳትወርድ በላዩ ላይ አቆዩት።