የመጀመሪያው ምርጫ የስታን ነበር

ሚጅ የእንጆሪው ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ ከጠፋች ሦስት ደቂቃ አልፏታል። ከውጭ የሚታየው የቅርንጫፎቹ መነቃነቅ ብቻ ነው፤ እሱም አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ይላል። ክላይቭ ከቁጥቋጦው በታች፣ ስታን ከላይ በኩል ቆመው ይጠብቃሉ። እንደ ሚጅ ያለች ቴሪየር፣ ትንሽ የአደን ውሻ፣ እሾህ ውስጥ ስትሠራ ሰው አፉን ይዘጋል። ጥንቸል የሰው ድምፅ ከሰማች አትወጣም፤ ብትወጣም ሰው በሌለበት በኩል ነው።

ሁለቱም ሽማግሌዎች በእጃቸው አንዳንድ ዊፒት የሚባል የሩጫ ውሻ ይዘዋል። ክላይቭ የያዘው ፍሊንት የሚባለውን ዝንጉርጉር ወንድ ነው፤ ስታን ደግሞ የፍሊንትን እህት፣ አመድማዋን ዶቭን። ውሾቹ ሆዳቸው ከጀርባቸው ሊጣበቅ ምንም ያልቀረው፣ እግረ ረጃጅም ሯጮች ናቸው። ሥራቸው የተከፋፈለ ነው፦ ቴሪየሯ በአፍንጫዋ ታስወጣለች፣ ዊፒቶቹ በዓይናቸው ይዘው ይሮጣሉ።

ሚጅ አንድ ጊዜ ጮኸች። ጥንቸሏ በስታን በኩል ፈንጠር ብላ ወጣች።

"ሂጂ!" አለ ስታን የአንገቷን ቀበቶ ለቀቅ አድርጎ።

ዶቭ ሄደች። አሯሯጧስ እንከን አይወጣለትም። ከጥንቸሏ ሁለት እርምጃ ሲቀራት፣ ከሸለቆው ማዶ ጎመን ዘር ማሳ ላይ የቆመው የወፍ ማባረሪያ የጋዝ መድፍ ጓ! አለ። ዶቭ አየር ላይ እንዳለች ተጣጥፋ ወደቀች፤ ተነሣችና ጅራቷን እግሮቿ መሀል ሸጉጣ ወደ ፒክአፑ ፈረጠጠች። ጥንቸሏ ሽቅብ የጀመረችውን ትታ ቁልቁል ታጠፈች። ክላይቭ ፍሊንትን ለቀቀው። ፍሊንት መድፉን የሰማም አይመስልም፤ አጥሩ ጋ ሳትደርስ ያዛትና ጥርሱን ሳያጠብቅባት፣ ከነነፍሷ አምጥቶ ጌታው እጅ ላይ አስቀመጣት። ክላይቭ አንገቷን በአንድ ቅጽበት ቆለመመና ከሌሎቹ ስድስት ጋር አንጠለጠላት።

ስታን ያንን አላየም። በቀዶ ጥገና በተተካው ዳሌው እያነከሰ ፒክአፑ ጋ ደርሶ፣ ጭቃው ላይ በደረቱ ተኝቶ ከመኪናው ሥር የተሸጎጠችውን ዶቭን ይጠራል።

"ነይ የኔ እናት። ነይ። ምንም አይደለም፣ አለፈ።"

ክላይቭ አጠገቡ ሄዶ ቆመ፤ ሊረዳው ግን አልጎነበሰም። በዚህ ሰዓት የዶቭን ዓይን ማየት አይወድም። የሚያውቀውን የምታውቅ ይመስለዋል።

"አየህ አይደል?" አለ ስታን ከመሬት ሳይነሣ። "ደረሰችባት እኮ። እግሯ እንደሆነ ከፍሊንት ይበልጣል። ምርጫህማ ምርጫ ነበር፤ ያበላሸኋት እኔ ነኝ።"

"ተው እንጂ ስታን።"

"ምኑን ልተው? ያን ጊዜ የርችቱ ማታ የጓሮውን በር መዝጋት ባልረሳ ኖሮ ዛሬ እንዲህ ትሆን ነበር? የአምስት ወር ቡችላ፣ ሰማይ ምድሩ ሲፈነዳ ብቻዋን ሜዳ ላይ! ከቆሻሻ መጣያው ጀርባ ነው ያገኘኋት።"

የርችቱን ማታ ሰበብ መጀመሪያ ያወጣው ክላይቭ ራሱ ነው። ዶቭ በመጀመሪያው ክረምት መድፍ ሰምታ የሸሸች ዕለት ስታን ግራ ገብቶት "ምን ሆና ነው?" ሲለው፣ "የዚያ ማታ ርችት ይሆናል" ብሎ መለሰለት። ስታን ቃሉን እንደ ሐኪም ቃል ተቀበለው። ክላይቭ እዚያ ላይ እንኳ አላበቃም፤ የሰፈሩ ክበብ ውስጥ ሰዎች ሲጠይቁት ያንኑ ደገመው። ከዚያ ወዲህ ስታን ገና የክበቡን በር ሲከፍት "በሩን ዝጋ!" እያሉ ይሳለቁበታል። ክላይቭም አብሮ ይስቃል።

በሰሜን እንግሊዝ ያለው የደርሃም የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ እስኪዘጋ ድረስ ሁለቱ አንድ ፈረቃ ላይ ነበሩ። እዚያ ታች፣ ጨለማ ውስጥ፣ ጣራው ሲንጣጣ "ውጣ!" ያለህን ሰው ለምን ሳትል ታምነዋለህ። ስታን ያንን ልማድ ከመሬት በላይም ይዞት ወጣ።

ዶቭ በመጨረሻ እየተንቀጠቀጠች ወጣች። ስታን ኮቱን አውልቆ አለበሳትና የፒክአፑ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ክላይቭ ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳለት። ሚጅ ፊቷን እሾህ ቧጭሯት፣ ደስ ብሏት እግራቸው ሥር ተጋደመች።

የእርሻው ባለቤት ሄዘር በአራት ጎማ ሞተሯ መጣችና ሞተሩን ሳታጠፋ ቆመች።

"ስንት?"

"ሰባት" አለ ክላይቭ።

"ሰባት ብቻ? ገብሴን እየበሉ ያሉት ሰባ ናቸው። እናንተ ሽማግሎች ሻይ ልትጠጡ ነው እንዴ የምትመጡት?" ሳቀች። ከዚያ ፍሊንትን አየት አድርጋ ወደ ክላይቭ ዞረች። "ወንድሜ ቡችላ ሊገዛ ነው። ክላይቭን ሳትይዝ እንዳትሄድ፣ የሱ ዓይን አይስትም ብዬዋለሁ። ትሄድለታለህ?"

"እ... እናያለን" አለ ክላይቭ።

"ይሄድለታል!" አለ ስታን። "ለኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ የመረጠልኝ ሰው ነው። የተሰጠኝን መያዝ ባልችል ጥፋቱ የሱ አይደለም።"

ሄዘር የሚላት ስላልገባት ራሷን ነቅንቃ ሄደች። ክላይቭ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ስታን ሻዩን ሁለት ጊዜ ፉት አለና ለመናገር ያሰበውን ተናገረ።

"ዛሬ የመጨረሻዬ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ሴትዮ ዶቭን ልትወስድ ትመጣለች። ከከተማ ናት፣ ጄማ ትባላለች። ሶፋ ላይ የምትተኛ ውሻ ነው የምትፈልገው። እዚያ መድፍ የለም።"

"ምን ማለትህ ነው? ውሻህን?"

"ውሻ መያዝ የማይችል እጅ ውሻ አይያዝ።" ስታን እጆቹን ገልብጦ አያቸው። "ሚጅን ደግሞ አንተ ውሰዳት። ያለ ሯጭ ምን ታደርግልኛለች? ከፍሊንት ጋር ይገጥማሉ። እንደሷ ያለች ቴሪየር በዚህ አገር ሁለት አታገኝም፤ ባዶ ጉድጓድ ላይ ቆማ ጥንቸል አለ ብላ ዋሽታ አታውቅም።"

ክላይቭ ሚጅን አየት አደረጋት።

በዚህ አገር ውሻ አርቢዎች ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። የአባትየው ውሻ ባለቤት ገንዘብ አይቀበልም፤ በፋንታው ከቡችሎቹ የመጀመሪያውን ምርጫ ይወስዳል። የፍሊንትና የዶቭ አባት የስታን ውሻ ነበር። ቡችሎቹ ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው ስታን ዳሌውን ሊተካ ሆስፒታል ገብቶ ነበርና "ሄደህ ምረጥልኝ፣ ዓይንህ ዓይኔ ነው" አለው። ክላይቭ ራሱም ከዚያው ሁለተኛውን ሊገዛ ተነጋግሯል፤ የገዛ ውሻው በመከር ሞቶበት ቤቱ ጭር ብሏል።

ሊመርጥ የሄደ ዕለት የእናትየዋ ውሻ ባለቤት፣ አርቢዋ፣ ሻይ ልታፈላ ገባች። ክላይቭ መጋዘኑ ውስጥ ከቡችሎቹ ጋር ብቻውን ቀረ። የጥንቸል ቆዳ በገመድ አስሮ ጎተተ፤ ዝንጉርጉሩና አመድማዋ ከሌሎቹ ቀድመው እኩል ያዙት። ከዚያ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ድንጋጤያቸውን ሊፈትን የቆርቆሮ ሳህን ሲሚንቶው ላይ ጣለ። ዝንጉርጉሩ ቀና ብሎ አየና ወደ ቆዳው ተመለሰ። አመድማዋ ሣጥን ሥር ገባች፤ ወጥታ እንደገና እስክትጫወት ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ክላይቭ አርባ ዓመት ሙሉ ቡችላ መርጧል፤ ሩብ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። አርቢዋ ሻዩን ይዛ ስትመለስ ግን አመድማዋን አንሥቶ "የስታን ይቺ ናት" አለ። ለስታን ደግሞ "ሴቷ ፈጣን ናት፣ ልብም አላት" አለው። ቡችላ ሲያድግ ይለወጣል ብሎ ራሱን አጽናና። አንዳንዱ ይለወጣል።

አሁን ደግሞ ሚጅ። መጀመሪያ የተሻለውን ውሻ ወሰደ፣ ቀጥሎ የሰውዬውን ስም፤ ሚጅ ደግሞ በሰውዬው በራሱ እጅ ልትሰጠው ነው። እምቢ አልፈልጋትም ቢል ስታን ለሌላ ሰው ይሰጣታል። እሺ ቢል... እሺ ማለት እንደሚችል ማወቁ ራሱ አሳፈረው።

"ስታን፣ በሩ አይደለም" አለ።

"የቱ በር?"

"የጓሮህ በር። ዶቭን ያበላሻት ርችቱ አይደለም። ስትፈጠር ጀምሮ እንዲህ ናት። እኔ አውቅ ነበር።"

ስታን ኩባያውን እንደያዘ ዞሮ አየው። "ምኑን ነው የምታውቀው?"

"የመረጥኩ ቀን ሳህን ጣልኩ። ሣጥን ሥር ገባች። ፍሊንት አልገባም።" ክላይቭ ፊቱ እሳት ሆነ፤ ድምፁም የሱ አልመስልህ አለው። "ያንተ ምርጫ ፍሊንት ነበር። ላንተ የሚገባህ እሱ ነበር። ወሰድኩብህ።"

ከማዶ መድፉ እንደገና ጮኸ። ዶቭ ኮቱ ውስጥ ተሸጎጠች፤ ስታን ሳያያት በእጁ ጆሮዋን ሸፈነላት።

"በሩ አይደለም?" አለ።

"አይደለም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ክላይቭ ስድብ ጠበቀ፤ ቡጢም ቢሆን ደስታው ነበር።

"እኔ በየማታው ያን በር ሦስቴ እየተነሣሁ አያለሁ" አለ ስታን። "ሁለት ዓመት። በብርድ፣ በዚህ ዳሌ። ዘግቼዋለሁ ብዬ እተኛለሁ፣ እንደገና እነሣለሁ።"

"ይቅር በለኝ።"

"ሆስፒታል ሆኜ ለነርሷ ያወራሁላት ስለ አንተ ነበር። ጓደኛዬ ውሻ ሊመርጥልኝ ሄዷል እያልኩ። ምስኪን፣ ሰልችቷታል።" ሻዩን ሣሩ ላይ ደፋው። "እነዚያ 'በሩን ዝጋ' ሲሉኝ አብረህ ስቀሃል፣ ክላይቭ።"

"ስቄያለሁ።"

"አዎ። አይቼሃለሁ።"

ክላይቭ የፍሊንትን ማሰሪያ ፈታና ዘረጋለት። "ውሰደው። የራስህ ነው።"

ስታን ይህን ሲሰማ ነው የተቆጣው። "ዕቃ መሰለህ እንዴ? ወስጄ ምን ላደርገው? መስኮት ላይ ቆሞ ያንተን መኪና ሲጠብቅ ልመለከተው? እሱ ምን አጠፋ? አንተ ቀለል እንዲልህ እሱ ይቀጣ?"

ክላይቭ እጁን መለሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። አርፍዶ የመጣ እውነት የሚክሰው ነገር አጥቶ ቆመ።

ስታን ዶቭን ከነኮቱ አቅፎ ፒክአፑ ውስጥ ገባ። ሚጅን ጠራት፤ ዘልላ ገብታ እግሩ ሥር ተኛች። ክላይቭ ነዳ። የስታን ቤት ደጃፍ ሲደርሱ፣ ስታን እጁ በመኪናው በር ላይ እንዳለ፣

"ዶቭ የትም አትሄድም" አለ። "ሴትዮዋ ስልኳን አልሰጠችኝም፤ መምጣቷ አይቀርም። አንተ በር ላይ ቆመህ ትነግራታለህ። እኔ ፊቷን ማየት አልችልም።"

"ምን ልበላት?"

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ያኔም የምትለው አላጣህም።"

ስታን ውሾቹን ይዞ በቤቱ ጎን አልፎ ወደ ጓሮው ሄደ። ክላይቭ ጥንቸሎቹን የስታን ደጃፍ ላይ ሰቀለና ጭቃ በጭቃ እንደሆነ ቆመ። ካፊያ ጀመረ። ከጓሮው የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል፤ የኳስ ጨዋታ ነው፣ ስታን ድምፁን ከፍ አድርጎታል። ከዚያ ሆኖ ደጅ የሚወራውን ሊሰማ አይችልም።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና ቆመች። ከውስጧ የወረደችው ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። በአንድ እጇ የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሣለት አዲስ ብርድ ልብስ፣ በሌላው የውሻ ምግብ ይዛለች።

"አቶ ስታን እርስዎ ነዎት?" አለች ፈገግ ብላ። "ጄማ ነኝ። መንገዱ ጠፍቶብኝ ሁለቴ ዞርኩ። የት አለች የኔ ቆንጆ?"

"ስታን አይደለሁም። ጓደኛው ነኝ።" ክላይቭ ኮፍያውን አወለቀ። "ዶቭ... አትሄድም። እዚሁ ትቀራለች።"

የጄማ ፈገግታ ጠፋ። ብርድ ልብሱን አየችው። ከዚያ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ደግ ሰው ነበረች።

"ሐሳባቸውን ቀየሩ፣ አይደል? አባቴም እንዲሁ ናቸው። ሽማግሌ ሰው እንስሳ መለየት አይሆንለትም። ገብቶኛል፣ አይጨነቁ። ባዝንም እርጅና ነው ብዬ አልፈዋለሁ።"

መንገዱን ራሷ ጠርጋ ሰጠችው። ራሱን ቢነቀንቅ ትሄዳለች፤ ሬዲዮው እየጮኸ ነው፣ ስታንም አይሰማም፣ ሴትየዋንም ዳግመኛ አያያትም። አንድ ጊዜ "አዎ" ማለት ብቻ ነው። ክላይቭ ቃሉ አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተሰማው፤ እንደዚያ ቶሎ መድረሱ አስደነገጠው።

ጄማ ወደ መኪናዋ ዞራ አንድ እርምጃ ሄደች።

"ቆዪ" አለ። "እርጅናው አይደለም፣ እሱ ሐሳብ የሚለዋውጥ ሰው አይደለም። ክላይቭ ሄፕል እባላለሁ። ይሄንን ሁሉ መንገድ በከንቱ ያመጣሁሽ እኔ ነኝ፤ ካልቸኮልሽ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ።"