በቁጥር ሰባት በር ላይ የነበረው ደረጃ

እህቴ ቴልማ ስልክ ከያዘች ሰው አያመልጣትም። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ስለሠራች፣ የስንት ወላጅ ውሸት የሰማ ጆሮ አላት። በዚያ ግንቦት ለጥቂት ቀን የምናርፍበት ቦታ ስንፈልግ፣ ደብተሯን ዘርግታ እያንዳንዱን ባለቤት በዚያው ጥያቄ ትጀምረዋለች።

«ስንት ደረጃ አለው?»

«ኧረ ምንም የለውም። መግቢያው ላይ አንዲት ትንሽ ብቻ።»

«ትንሽ ሲሉ፣ ለድመት ነው ለሰው?»

እንዲህ የምታፋጥጣቸው በእኔ ምክንያት ነው። የግራ ዳሌዬ ሁለት ጊዜ ተቀዶ ሁለት ጊዜ ከድቶኛል። ቤት ውስጥ ባለአራት እግሩን መደገፊያ እየገፋሁ እራመዳለሁ፤ ከደጅ ከወጣሁ ዊልቸር ነው። ባለፈው ዓመት «አንድ ሁለት ደረጃ ቢኖር ነው» ተብለን የሄድንበት የሐይቅ ዳር ሆቴል አሥራ አራት ደረጃ ኖሮት፣ አራቱንም ቀን መኪና ማቆሚያውን እያየሁ ሻይ ስጠጣ ከረምኩ። በሰባ አንድ ዓመቴ ሌላ መኪና ማቆሚያ ማየት አልፈልግም አልኳት።

ቴልማን ዝም ያሰኛት ኔቪል የሚባል ሰው ነው። የሚያከራየው የእናቱን ቤት ነበር፤ በምሥራቅ ዮርክሺር፣ ባሕር ዳር፣ ፎቅ የሌለው። የበሩን ስፋት በሴንቲሜትር ነገራት። መታጠቢያው ውስጥ መቀመጫና መያዣ ብረት አለ። በባሕሩ በኩል ባለው የመስታወት በር ላይ የነበረውን የድንጋይ ደረጃም አፍርሶ፣ ዝግ ያለ የሲሚንቶ ተዳፋት አድርጎታል።

«ጸጥታስ አለ?» አለችው።

«ከሚገባው በላይ» አላት።

ሰኞ ደረስን። ቁጥር ሰባት የመንገዱ የመጨረሻ ቤት ነው። አስፋልቱ ከቤቱ አልፎ ትንሽ ይሄድና አጥር ይገጥመዋል፤ አጥሩ ላይ ቀይ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ነው። በዚያ ዳርቻ ባሕሩ በየክረምቱ መሬቱን ይቆርሳል። ኔቪል ቁልፉን ሲሰጠን ገደሉን በየዓመቱ እንደሚለካ፣ ቤቱም ገና ብዙ ዕድሜ እንዳለው ነገረን። ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሲያወራ እጁን የሚያይ ዓይነት ሰው ነው። ከመስታወቱ በር እስከ ገደሉ አፍ ሠላሳ እርምጃ የሚሆን ሣር አለ። ያን ማታ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ቴልማ የተጠበሰ ዓሣ ልትገዛ ወደ ከተማ ሄደች። እኔ በመስታወቱ በር አጠገብ ዊልቸሬ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ አነባለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የአጥር በር መቀርቀሪያ ሲነሣ፣ ከዚያም ሲመለስ ሰማሁ። ቀና ስል አንዲት አሮጊት ከመስታወቱ ማዶ ቆመዋል። ሰማያዊ ሹራብ ለብሰዋል፤ እግራቸው ላይ የቤት ነጠላ ጫማ ነው። በጣታቸው አንጓ ቀስ አድርገው መስታወቱን መቱ።

ጎረቤት መሰሉኝ። «ይግቡ፣ ክፍት ነው» አልኩና በሩን አንሸራተትኩላቸው።

«ደረጃው ነው» አሉኝ።

«እዚህ ደረጃ የለም።»

ቀኝ እግራቸውን አነሡ፣ ከፍ አድርገው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ። ከምድር አንድ ክንድ ያህል ነፋስ ላይ ያዙትና አቃታቸው፤ መለሱት። እንደገና ሞከሩ። ያ አኳኋን ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ሰው እያየሽ፣ እንዳላቃተሽ ለመምሰል ፊትን ዝም ማሰኘት አለ፤ እኔም በየደጁ አድርጌዋለሁ።

«ነገ እሞክራለሁ፣ ልጄ» አሉና ዞሩ። ዊልቸሬን አዙሬ አንገቴን እስካወጣ፣ ሣሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ቴልማ ስትመጣ ነገርኳት።

«ጋዜጣው ላይ አንቀላፍተሽ ነው» አለች፣ ዓሣውን ከወረቀቱ እያወጣች።

«መቀርቀሪያውን ሰምቻለሁ።»

«የምን መቀርቀሪያ?» ወጥታ ቤቱን ዞረችው። ተመልሳ ስትገባ የሳቅ ፊቷ ጠፍቷል። «ቤሪል፣ በባሕሩ በኩል፣ ሣሩ ላይ አጥርም የለ፣ የአጥር በርም የለ። በምን በኩል ነው የገቡት?»

ዓሣው ሳይበላ በረደ።

ረቡዕ ጠዋት ኔቪል ማሞቂያውን ሊያይ መጣ። ቴልማ ዙሪያ ጥምጥም አትወድም፤ ሰማያዊ ሹራብ ያላቸው አሮጊት ጎረቤት አሉህ ወይ አለችው። መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ነጠላ ጫማ ያደረጉ?»

«አዎ» አልኩት።

«ወይዘሮ ኦድሪ ሰርክል ናቸው። የቁጥር አምስት።» እጁን ወደ ባሕሩ ዘረጋ። «ከዚህ ወዲያ የነበረው ቁጥር አምስት ከአራት ክረምት በፊት ከገደሉ ጋር ባሕር ውስጥ ወርዷል። በመካከላችን በነበረው የአጥር በር እየገቡ ከእናቴ ከአይቪ ጋር በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻይ ይጠጡ ነበር። የድሮው ደረጃ ስለሚያስቸግራቸው እናቴ ወጥታ ክንዷን ትሰጣቸዋለች። እናቴ የሞተችው የእሳቸው ቤት በወደቀበት ክረምት ነው።»

«ወይዘሮ ሰርክልስ መቼ ሞቱ?» አለች ቴልማ።

«ማን ሞቱ አለዎት? ከተማው ውስጥ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ናቸው። እሑድ እሑድ አያቸዋለሁ። ከተራመዱ ሦስት ዓመት፣ ቃል ከተናገሩ ዓመት አልፏቸዋል። ከምሳ በኋላ ወንበራቸው ላይ ይተኛሉ።» ፊቱ አመድ መስሏል። ማሞቂያውን ሳይጨርስ ሄደ።

ቴልማ ሻንጣዎቹን አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋች። «አሁኑኑ ወደ ቤታችን።»

«ነገ እሞክራለሁ ብለውኛል፤ ነገ ማለት ዛሬ ነው።»

«ለዚያ እኮ ነው የምንሄደው፣ አንቺ ሴትዮ።»

«ቴልማ፣ ደጅ ላይ ቆመው ማንም ሳይረዳቸው ሲቀር አይቻለሁ። እንዲያ ትቻቸው አልሄድም።»

ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ስል ታውቀኛለች። ሻንጣዎቹን አልመለሰችም፤ ግን መኪናውም ጋ አላደረሰቻቸውም። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ጥግ ላይ ተቀምጣ የወንበሩን እጀታ ጨበጠች።

መቀርቀሪያው ተነሣ፤ ተመለሰ። ቴልማ ሰማችው፤ ትንፋሿ ሲቆም ሰምቻለሁ። ወይዘሮ ሰርክል ከመስታወቱ ማዶ ቆመዋል። «አየሻቸው?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ አላየሁም ብላ።

መደገፊያዬን ይዤ ተነሣሁና በሩን አንሸራትቼ ተዳፋቱ ላይ ወጣሁ፤ ከጎናቸው ወደ በሩ ዞሬ ቆምኩ። ግራ እጄን መደገፊያው ላይ አጽንቼ ቀኝ ክንዴን ሰጠኋቸው። ያዙኝ። እጃቸው ሙቀት የለውም፤ ቅዝቃዜም የለውም። ክብደት ግን አለው፤ የአንዲት ቀጭን አሮጊት ሙሉ ክብደት። እግራቸውን ሊያነሡ ሲሉ አብሬ ደህናውን እግሬን አነሣሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እግሬን ሳወርድ ጫማዬ ሲሚንቶው ላይ አላረፈም። ከሲሚንቶው በላይ፣ ዳሩ በብዙ ሰው እግር የተበላ ድንጋይ ላይ አረፈ። በዚያ ላይ ቆሜ እኔም ከፍ ብዬ ነበር፤ ቴልማ በኋላ ምላ ነግራኛለች። ከዚያ ገባን።

በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ራሳቸው መርጠው ተቀመጡ፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ።

«አይቪ የለችም?» አሉኝ።

«የለችም። አይቪ አርፋለች። አራት ዓመት ሆናት።»

ባሕሩን አዩ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «የሚነግረኝ ግን አልነበረም።»

ቴልማ የእኔን ድምፅ ብቻ እየሰማች ኖሮ፣ ተነሥታ ሦስት ስኒ ሻይ ቀዳች። ሦስተኛው በሳህኑ ላይ እየተንቀጫቀጨ መጣ፤ ባዶ የመሰላት ወንበር ፊት አስቀመጠችው። ሻዩ በረደ። አንድ ጊዜ ወደ ቴልማ ዞሬ ስመለስ፣ ወንበሩ ለእኔም ባዶ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ኔቪል ሳያንኳኳ ገባ። ኮፍያውን እንኳ አላወለቀም።

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከመጦሪያው ደወሉልኝ። ወይዘሮ ሰርክል ተናገሩ። ‹አይቪ ሞታ ለምን ደበቃችሁኝ› ብለው አለቀሱ። አንድም ሠራተኛ እንዳይነግራቸው ብዬ መዝገባቸው ላይ አስጽፌ ነበር። ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ምስጢር መሆኑን አልነገርከንም።»

የሚቆጣ መሰለኝና ተዘጋጀሁ። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ቤታቸውን ባሕር በወሰደበት ወር ይህን ልጨምርባቸው? በየእሑዱ ‹አይቪስ› ሲሉኝ ‹ጉንፋን ይዟታል› እላቸዋለሁ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት። አንድ ቀን መጠየቅ ተዉ። ከዚያ መናገርም ተዉ።»

«ረጅም ጉንፋን ነው» አለች ቴልማ በቀስታ። ማንም አልሳቀም።

«አሁን እንዴት ናቸው?» አልኩት።

«ሲያለቅሱ አድረዋል። ጠዋት ግን ሁለት እንቁላል በልተዋል። መጥተህ ሁሉንም ንገረኝ ብለው ልከውብኛል።» እጁን አየ። «አብረውኝ ይመጣሉ?»

አሰብኩበት። «የምትነግራቸው የእናትህን ነገር ነው። ብቻህን ሂድ» አልኩት።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ከፍቼ ጠበቅሁ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ቴልማ ሳልጠይቃት ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ማንም አልመጣም። እፎይ ማለት የሚገባኝ ሰው ነበርኩ፤ ግን ቀጥሮ እንደቀረ እንግዳ ሳስባቸው ዋልኩ።

ዓርብ ቁልፉን ስንመልስ ኔቪል መኪናው አጠገብ ቆሞ ጠበቀን። ዓይኑ ቀልቷል።

«አራት ሰዓት ሙሉ አስቀመጡኝ» አለ። «ቀብሩ ላይ ማን ማን እንደመጣ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንደቀረ። ከቀብር መልስ ምን ሳንድዊች እንደቀረበ ሳይቀር ጠየቁኝ። የአሳማ ሥጋ ነበር አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«‹አይቪ የአሳማ ሥጋ አትወድም ነበር፤ አንተስ ይህን ታውቅ ነበር› አሉኝ። አላውቅም ነበር።»

ቴልማ ዊልቸሬን አጣጥፋ ኋላ ጫነችው። ኔቪል በመኪናችን መስኮት በኩል እጄን ጨበጠኝና፣ ከወይዘሮ ሰርክል ጋር ሻይ ሊጠጣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ከተማ መድረስ እንዳለበት ነግሮን ሄደ።