የጠራው ዲስክ

ኤቨራርዶ በርሊን ከተማ የድምፅ ምህንድስና ተምሮ፣ ጆሮውን ስሎ ሜክሲኮ ወዳለችው የትውልድ ከተማው ፑብላ ተመለሰ። የእናቱ የኤምፒስሪ ዲስክ አሳፈረው። በሰፈር ጭፈራ ላይ የተቀዳ ነው፤ ሙዚቃ የሚያጫውተው ሰውዬ በየዘፈኑ መሃል ይጮኻል። ዘፈኖቹን ያለ ጩኸት በአዲስ ዲስክ ገልብጦላት አሮጌውን ጣለው።

እናቱ ጥቂት አዳመጠች።

«ሰውዬው የታለ?»

«የቱ?»

«ስምህን የሚጠራው ነዋ! ‹በርሊን ላለው ልጄ ለኤቨራርዶ ሰላምታዬ ይድረሰው› ብሎ እንዲያነብልኝ ስንት ሰው ተጋፍቼ ወረቀት የሰጠሁት! ናፍቆትህን የቻልኩት በሱ ነው። አልሰማኸውም?»

«እማዬ፣ እኔ የማዳምጠው ጥራቱን ነበር።»

«አይ የተማረ! በል ሂድና አውጣልኝ!»

ኤቨራርዶ ቆሻሻ በርሜሉ ውስጥ እስከ ብብቱ ገባ። ከሰዓት በኋላ አሮጌው ዲስክ ስሙን ሲጮህ፣ የጠራው አዲሱ ዲስክ ደግሞ ግቢው ውስጥ ባለው የሎሚ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ወፍ ያባርር ነበር።