የአይቡ እርጥብ ጎን

አይቦቻችን በአንድ ጎናቸው እየረጠቡ ነበር። ከላይ ያማረ ቅርፊት ያወጣሉ፤ ከሥር ግን እጅ ላይ ይጣበቃሉ፣ ይሸታሉ። እህቴ እህል አልወርድ አላት። አይብ የሚያገላብጠውን ማሽን ያስገዛችው እሷ ናት፤ አባታችን ደግሞ "በዚህ ሳምንት ካልተስተካከለ ተነቅሎ ይሄዳል" ብሏል። አባታችን አንዴ ካለ አለ ነው።

እኔ ነገር ከከነከነኝ እንቅልፍ የለኝም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የረጋው ወተት አጓቱን የሚያንጠፈጥፍበትን ቀዳዳ ቀዳዳ ጠረጴዛ ነበር። ውሃ ደፋሁበት፤ ወዲያው ወረደ። መጭመቂያውንም ፈታትቼ አየሁ፤ ደህና ነው። ቀረኝ አይቡ የሚከርምበት ቀዝቃዛ ክፍል። ማለዳ ሄጄ ቆምኩ። ማሽኑ በራሱ ሰዓት ተነሳና መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ እየሳበ አይቦቹን ግልብጥ፣ ግልብጥ አደረጋቸው። በአንድ ጎናቸው ያለው ማኅተማችን ወደ ላይ ዞረ። ደስ ብሎኝ ዳቦ ልቀምስ ወጣሁ። ስመለስ ማኅተሙ የለም፤ ከሥር ሆኗል!

ጉድ ነው። በነጋታው ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ተሸሸግሁ። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ዝም ሲል በሩ ተከፈተና አክስታችን ገቡ። ሽርጥ ታጥቀው፣ በአንድ እጃቸው ወገባቸውን ደግፈው፣ ዕድሜ ልካቸውን እንዳደረጉት አይቡን ማገላበጥ ጀመሩ።

"አክስቴ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ውይ! ክው አደረግሽኝ! ምን አደርጋለሁ፣ ሥራዬን ነዋ።"

"ማሽኑ እኮ አሁን ገልብጦታል።"

"እሱ የራሱን ይሠራል፣ እኔ የራሴን። ምን አጣላን?"

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በሉኝ። ብነግራቸው ይከፋቸዋል፤ ዝም ብል እህቴ ጉድ ፈላባት። "እሱ የገለበጠውን እርስዎ ሲመልሱት ያው አንዱ ጎን ከሥር ይውላል" አልኳቸው።

የያዙትን አይብ መልሰው አስቀመጡና "እስቲ ሲሠራ ልየው" አሉ። እህቴ ተጠርታ መጣች፤ ነገሩን ሰምታ ማሽኑን በእጇ አስነሳችው። አክስታችን ክንዳቸውን አጣጥፈው ከመጀመሪያው መደርደሪያ እስከ መጨረሻው ተከተሉት።

"ወገቤ ሲቆረጥ የት ነበርክ አንተ?" አሉት።

እህቴ እፎይ ብላ ከት ብላ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ሽርጣቸውን ፈትተው አጣጠፉና የት እንደሚያኖሩት ግራ ገባቸው።

"ታዲያ እኔ ነገ ጠዋት ምን ልሥራ?"

በሁሉ ነገር ጥልቅ የምለው እኔ፣ ይህን አንድም ቀን አልጠየቅሁም ነበር።